በአባቴ ስም የተቀበረው ሰው

«አባትሽን ሁለት ጊዜ ቀብረነዋል። ሦስተኛ አታስቆፍሪን!»

ይህን ፊት ለፊቴ ቆሞ ያለኝ አጎቴ ቢያድጌ ነው። መንሹን እንደ ጦር ተደግፏል፤ የገብስ እብቅ ጢሙ ላይ ተጣብቋል። ከኋላው አውድማው ላይ በሬዎቹ ይዞራሉ። ከአውድማው ዳር ደግሞ ሁለት ጊዜ ተቀበረ የተባለው አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ የሚመልስለት ሰው አጥቷል።

ነገሩ እንዳይምታታባችሁ ከሥሩ ልጀምር።

ማሪቱ እባላለሁ፤ የእስቴ ልጅ ነኝ። ያኔ ደብረ ታቦር ዘመድ ቤት ተጠግቼ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ወደ ቀበሌዬ መመለሴ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ያሰብኩትን ሳልናገር ካደርኩ ሆዴን ያመኛል። አውድማ ላይ ስታወራ ሥራ የምታስፈታ፣ ለቅሶ ላይ የማይጠየቅ የምትጠይቅ ልጅ ነበርኩ። አጎቴ «ይቺን የሚያገባ ጆሮውን ጥሎ ይምጣ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አባቴ አያሌው እኔ በሆድ ሳለሁ ቅቤና ማር ጭኖ ወደ መተማ ወረደ። አብሮት የሄደው ሽባባው የሚባል የስማዳ ሰው ነው። ሁለቱም አልተመለሱም። በዓመቱ ነጋዴዎች «ከመተማ ወዲያ አንድ የእስቴ ሰው በቆላ ንዳድ ታሞ ሞቶ ተቀብሯል» የሚል ወሬ አመጡ። ሬሳ ስላልነበረ ጠመንጃውንና የክት ልብሱን ሜዳ ላይ ዘርግተው አለቀሱለት። አንደኛው ቀብር ያ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ሰው በረሃ ቀርቶ አጽሙ ካገሩ ደብር ካልገባ ዘመድ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ነፍስ ሳውቅ አጎቴ ሰው ልኮ አጽሙን አስፈለሰ። በሣጥን መጣ። ከአጽሙ ጋር የበሰበሰ ጋቢ ቁራጭ አብሮ መጣ፤ ጥለቱ አረንጓዴና ቀይ ነው። እናቴ ጥለቱን በጣቷ ዳበሰችና «የኔ እጅ ሥራ ነው» አለች። ፍታት ተፈታ፣ ተዝካር ወጣ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሄደ። በዚያው ሰሞን እናቴ ቆብ ደፋች። መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነውና እሷም ላይ በቁሟ የሙታን ጸሎት ተደገመባት።

እና እኔ የሁለት ሙታን ልጅ ሆኜ አደግሁ። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ድንጋይ ተጭኖታል፤ ሌላዋ ከቅጥሩ ሥር ጎጆ ውስጥ ክር ትፈትላለች።

አሁን ወደ አውድማው ልመልሳችሁ።

ሰውየው እያነከሰ ሲመጣ መጀመሪያ ያየችው ገብስ የምታበጥር ጎረቤታችን ናት። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። እንደ ማንም ሰው ትጮሃለች ወይ ትሸሻለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ቁጭ አለችና ሙሾ ማውረድ ጀመረች። «አያሌው፣ አያሌው» እያለች፣ እሱ ፊቷ ቆሞ። ሙሾ የሰማ ሰው ሁሉ ልማድ ነውና ሥራውን ጥሎ ተቀመጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ስበው አንገታቸውን ደፍተዋል። ቀና ብሎ የሚያየው አንድም ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ ሰውየውም ባርኔጣውን መሬት አስቀመጠና ከጫፍ ተቀምጦ አብሯቸው አለቀሰ።

ሰው በራሱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቅል ሙሉ ውሃ ቀዳሁና ሰጠሁት። ጉሮሮው እየተንቀሳቀሰ ጨረሰው።

«ጋሼ፣ ጠጣ'ኮ!» አልኩ ወደ አጎቴ ዞሬ። «ጥላም አለው፤ ይዩ።»

ያን ጊዜ ነው አጎቴ ያን «ሦስተኛ አታስቆፍሪን» የሚል ቃል የተናገረኝ።

«ጋሼ፣ የፈሩት መንፈሱን ነው ወይስ የሚያርሱለትን ድርሻ?» አልኩት።

መንሹን ወደ እኔ ወረወረው። ስቶኛል። ሰውየው ግን ብድግ ብሎ በመካከላችን ገባ። «ቢያድጌ፣ መሬቱን እረስ። ለመሬት አልመጣሁም» አለ። «መቃብሩ ውስጥ ያለው እኔ አይደለሁም። ሽባባው ነው። ሲንቀጠቀጥ ጋቢዬን አለበስኩት፣ ማተቤን አሰርኩለት፤ ሲሞትም በዚያው ቀበርኩት። እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁ።»

የአጎቴ እጅ ወደ ታች ወረደ። በገዛ እጁ የሌላ እናት ልጅ አስቆፍሮ ማምጣቱን ያኔ ተረዳ መሰለኝ።

የሰፈሩ ነፍስ አባት አባ ወልዴ ተጠሩ። አሮጌ ናቸው፤ ነገር አይቸኩሉም። አባቴን ትክ ብለው አዩት፣ በመስቀላቸው ግንባሩን ነኩት።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ አጽም ላይ ስንጸልይ የጠራነው ያንተን የክርስትና ስም ነው። እሱ በስሙ አንድ ቀን አልተጠራም። ከቅጥሩ ውስጥ አስገብተን ደጅ ነው ያሳደርነው።»

«አሁን ይፍቱት፣ አባ» አለ አባቴ።

«በማን ስም? ሽባባው ያገር ስሙ ነው፤ በዚህ ነፍስ አይጠራም። የክርስትና ስሙን አምጡልኝ።»

አባቴ አያውቀውም። ማንስ ይነግረዋል? የክርስትና ስም መተተኛ እጅ እንዳይገባ ይሰወራል፤ እናት ታውቀዋለች፣ ነፍስ አባት ያውቀዋል። የሽባባው ነፍስ አባት ቀድመው አርፈዋል። የቀረችው እናቱ ናት፤ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ወዲህ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ትኖራለች። እስካሁን ልጄ ይመጣል ብላ እንደምትጠብቅ አባ ወልዴ ከስማዳ ቄሶች ሰምተዋል።

ስሙን መጠየቅ መርዶ መንገር ማለት ነው። ካልተጠየቀች ደግሞ ሽባባው በአባቴ ስም እንደተኛ ይቀራል።

እናቴ ከጎጆዋ አልወጣችም። አባቴ ከደጇ ራቅ ብሎ ቆሞ «እማሆይ፣ ይፍቱኝ» አላት። ባሏ ነው እንግዲህ። እንዝርቷን አቆመች፣ ቆቧን ወደ ዓይኗ ሳበች፣ መልሳ ማሾር ጀመረች። እሱ ሲሄድ እኔን ጠራችኝና ከጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ያ ከአጽሙ ጋር የመጣው ጥለት ነው።

«ይህን ለእናቲቱ አድርሺላት።»

«እሱ ይዞት ይሂድ። እኔ ምን አገባኝ?»

«እሱም ፍታት የተፈታለት ነው፣ እኔም የተፈታልኝ ነኝ» አለች። «ከመካከላችን ሕያው አንቺ ብቻ ነሽ። መርዶ ሕያው ያደርሰዋል።»

በማግስቱ የአባ ወልዴን በቅሎ ይዘን ወጣን። አባቴ በጉልበቱ ሕመም ምክንያት በቅሎዋ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ በእግሬ። በሶ ይዘናል። ሁለት ቀን መንገድ ነው፤ እኔም ዝምታ አልችልም።

«ለመሆኑ ሥራዎ ምን ነበር?» አልኩት። አባቴን አንተ ልለው አፌ እምቢ ብሎኛል።

«ኳስ ተጫዋች።»

«ጨዋታዎን መች ጠየቅሁ፤ ሥራዎን ነው እንጂ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ የኔ ሳቅ ነው፤ በአፍንጫ የሚወጣ። ደነገጥኩ።

በገና ጨዋታ በግራው የሚመታ እሱ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎች ያወሩት ነበር። ሱዳን ገብቶ ገዳሪፍ ሲደርስ ጥጥ ተሸካሚ ሆነ። ማታ ማታ ሸካሚዎቹ አሸዋው ላይ ኳስ ያባርራሉ። አንድ ቀን ኳሷ ወደ እሱ ስትንከባለል በዱላ ፈንታ በግራ እግሩ መታት። «ከዚያ በኋላ ጥጥ አላሸከሙኝም» አለኝ። ስሙን መጥራት ስላቃታቸው «ሐበሺ» አሉት። ካርቱም ወሰዱት። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የሱዳንን ማሊያ አለበሱት፤ የማን ልጅ ነህ ያለው የለም። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልመጡም?» አልኩት። «እናቴ ስንት ጊዜ በር በሩን እያየች…»

«በነጋዴ ሁለት ጊዜ ልኬ ነበር፤ ቃሌ የት እንደቀረ እንጃ። ኋላ ገበያ ላይ አንድ የእስቴ ሰው አገኘሁ። አላወቀኝም። ‹አያሌው የሚባል ነበር፣ አጽሙ ገባ፣ ተዝካሩ ተበላ፣ ሚስቱ መነኮሰች› ብሎ የራሴን ወሬ አወራኝ። ተዝካሬ ከተበላ ምን ብዬ ልምጣ? የሚገርምሽ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሩጫ አይደክመኝም ነበር። የሞተ ሰው ምን ይደክመዋል?»

«ለኳስ ሲሉ ነው'ንጂ የሞቱብን» አልኩት። ልጓሙን ሳብ አድርጎ ወሬውን ቀጠለ።

ከዚያ ከኢትዮጵያ ቡድን ጋር ተጋጠሙ። እሱ በሱዳን ማሊያ። ሜዳ ሲገቡ ባላጋራዎቹ በአማርኛ ሲጠራሩ ሰማ።

«‹ግራውን ዝጋበት! ተወው፣ አያልፍም!› ሲባባሉ ሁሉም ይሰማኛል። ሊያደርጉት ያሰቡትን ሳይጀምሩት አውቀዋለሁ። ቤታቸው ውስጥ ቆሜ እነሱ እንደማያዩኝ ነበር። ጎል አገባሁባቸው። ኋላ አንዱ ተከላካይ ጠልፎ ሲጥለኝ ‹እመብርሃን!› ብዬ ጮህኩ። ልጁ ከላዬ እንደቆመ ፊቱ አመድ መሰለ። ‹አንተ ማነህ?› አለኝ። ፊሽካ ተነፋ፣ ዳኛው ይጮሃል፤ እሱ ግን ቆሞ ‹አንተ ማነህ? በማርያም፣ አንተ ማነህ?› ይለኛል።»

«ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ሙት ነኝ ልበለው?»

ወሬው ሄዶ ሄዶ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አስመጡት። የኢትዮጵያን ማሊያ ለበሰ። ስሙም በሬዲዮ ይነገር ጀመር። ይህን ሲለኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ደብረ ታቦር አንድ ሱቅ ደጃፍ ሬዲዮ «አያሌው በግራ በኩል… አያሌው!» እያለ ሲጮህ ደብተሬን ታቅፌ አልፌያለሁ። ሺህ አያሌው አለ፤ የኔው ደግሞ መቃብር ውስጥ ነው።

«በኋላም ከካርቱሞቹ ጋር ተጋጠምን» አለ። «አሁን ደግሞ እነሱ በአረብኛ ሲጠራሩ ይሰማኛል። ዞረህ ዞረህ የምትሰማው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ቤት ወሬ ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማሪቱ፣ ያየሁትን ልንገርሽ፤ እንዳትስቂ። ከማዕዘን ልመታ ስሄድ ባንዲራዋ አጠገብ ሽባባው ቆሞ አየዋለሁ። ጋቢዬን ተከናንቦ። ፀሐይዋ ሰው ትቀቅላለች፣ እሱ ይንቀጠቀጣል። ካርቱምም፣ አዲስ አበባም። አይናገርም። አንድ ቀን ግን እጁን ዘርግቶ ‹ጋቢህን ውሰድና ልሂድ› አለኝ። ዘወር ስል ጉልበቴ ተሰበረ። ያው የኳሴ መጨረሻ እሱ ሆነ።»

አልሳቅሁም። «የንዳድ ቅሪት ነው» ብዬ በትምህርት ቤት ጤና ትምህርት ለራሴ አስረዳሁ። ያን ሌሊት እግዜር ይስጣቸው ያስጠለሉን ሰዎች ቤት አደርን፤ በማለዳም ተነሳን።

ከገደሉ ሥር ጉም እየወጣ ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ ዋጠን። የበቅሎዋ ጆሮ እንኳ አይታየኝም። ድንገት ጉሙ ትንሽ ሲሳሳ ከፊታችን መንገዱ ላይ አንድ ሰው ሲሄድ አየሁ። ነጭ የተከናነበ፣ ትከሻው የሚርገፈገፍ። ደስ አለኝ፤ መንገድ የሚጠይቁት ሰው ተገኘ።

«አንቱ! ወደ ወይዘሮ ዘርፌ ቤት በየት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው አልዞረም፤ አካሄዱንም አላፈጠነም። እኔ ግን ብሮጥም አልደረስኩበትም። ዘወር ስል በቅሎዋ አራት እግሯን ተክላ ቆማለች። አባቴ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያማትባል።

«አትጥሪው» አለኝ። «ተከተይው።»

ተከተልኩት። ጉሙ ሲገለጥ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ፊታችን አንዲት ሳር ቤት ቆማለች። በሯ ተከፍቷል። የበሩ መወርወሪያ እንጨት ከውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ግቡ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ብርዱን ምን ትቆሙበታላችሁ? ቀድሟችሁ የሄደው ገብቶ ተቀምጧል።»

ወይዘሮ ዘርፌ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ሞራ ለብሰዋል። ፊት ለፊቷ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ማንም የለበትም። ልቀመጥ እጄን አሳረፍኩበት፤ ጉም ውስጥ እንዳደረ ልብስ ርሷል። ቆሜ ቀረሁ።

«የማን ናችሁ?» አለች።

አባቴ እዚያው ደፍ ላይ ተንበረከከ። «ከእስቴ ነን፣ እማማ» አልኩ እኔ።

«እስቴ!» ፊቷ ወደ አጎዛው ዞረ። «ልጄ ሲመጣ እስቴ ይሸተኛል ስል ሰዎቹ አበደች ይሉኛል። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አይነግረኝም። የለበሰውን ጋቢ ማን ፈተለው? የኔ ፈትል አይደለም።»

የያዝኩትን ጨርቅ ፈታሁና ጥለቱን እጇ ላይ አኖርኩት። ክሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ እያሻሸች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት።

«እሱ ነው» አለች። «ቀጭን እጅ ናት። የማን ናት?»

«የእናቴ። ለአባቴ ፈትላለት ነበር። አባቴ ለሽባባው አለበሰው።»

«ሲሞት?»

«ሳይሞት፣ እማማ። ስለበረደው» አለ አባቴ ከደፉ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል። «ከዚያ እቅፌ ላይ ሞተ። በእጄ ቀበርኩት።»

አልጮኸችም። ደረቷንም አልመታችም። እሳቱን ቆሰቆሰች።

«እንግዲህ የመጣችሁበትን ተናገሩ።»

መዞር ምን ያደርጋል ብዬ «የክርስትና ስሙን ፈልገን ነው» አልኩ።

መቆስቆሻው ከእጇ ወደቀ። «ውጪ! የክርስትና ስም የሚጠይቅ ወይ ቄስ ነው ወይ መተተኛ ነው። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«ተማሪ ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።» መቆስቆሻውን ዳብሳ አነሳችው። «ስሚኝ። ልጄ አልሞተም። መንገድ ላይ ነው። ስሙን ከሰጠሁሽ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይኸው እሱ ከሄደ ጀምሮ በሬን አልዘጋሁም፤ ጅብ እንኳ አፍሮ አልገባብኝም። አልሰጥም!»

ውጭ በቅሎዋ አናፋች። ወደ አጎዛው አየሁ። ከጫፉ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እማማ» አልኩ፤ ድምፄ የኔ አልመስልሽ አለኝ። «ይበርደዋል። በሰው ስም ተኝቷል፣ በሰው ጋቢ ተከናንቧል፤ እርስዎ በር ከፍተውለት መግባትም አልቻለ፣ መሄድም አልቻለ። እኔ አሁን መንገድ ላይ አየሁት። ይንቀጠቀጣል።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቆማችሁ። ጓደኞቼ ይህን ሳወራ «ታምኛለሽ?» ይሉኛል። እንጃ። ያየሁትን አየሁ፤ ጉምም ይሁን ሽባባው አሁን ከማንም አልከራከርም። እኔን የለወጠኝ ግን ሌላ ነው። እስከዚያች ጠዋት ድረስ የመጣልኝን ሁሉ የምተፋ ልጅ ነበርኩ፤ እውነት ከሆነ ይነገር፣ የሚያመው ይመመው ባይ። እዚያች ቤት ውስጥ እውነቱን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። ግን ሰው እውነት ከሰማ በኋላ የሚገልጠውን ፊት ያን ቀን አየሁ። እናንተም አንድ ቀን ታዩት ይሆናል። ያኔ አፋችሁ ውስጥ ያለው ቃል ስንት እንደሚመዝን ይገባችኋል።

ነጠላዋን ገለጠች። «አንተ ውጣ» አለችው አባቴን። «ጋቢህን ሰጥተኸዋል፤ እግዜር ያልብስህ። ስሙን ግን አንተ አትሰማም።»

ወጣ።

«አንቺ ነይ።»

ጎንበስ አልኩላት። ጭስና ቅቤ የሚሸት እጇን ማጅራቴ ላይ አድርጋ ጆሮዬን ወደ አፏ ሳበች። ስሙን ነገረችኝ። አንዴ ብቻ።

«ቄሱ ጆሮ እስክታደርሺው ለማንም እንዳትይው። ለሰው አይደለም፣ ለበቅሎዋም።» ጥለቱን ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። «ሂጂ በይ። ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ ልጄ ወደ ኋላ እንዳይቀርብሽ።»

ውጭ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች። አባቴ ልጓሙን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ነገረችሽ?» አለኝ።

ከኋላዬ በሩ ሲጎተት፣ ከዚያ መወርወሪያው ጓ ብሎ ቦታው ሲገባ ሰማሁ። አፌን እንደዘጋሁ ልጓሙን ከአባቴ እጅ ተቀበልኩና መንገድ ጀመርኩ።